በሰው ድንኳን

«አንቺ! ጠፋሽ እኮ! ሞታ ነው ብለን ንፍሮ ልንቀቅልልሽ ትንሽ ነበር የቀረን!»

ይህን ያለችኝ ዘሪቱ ናት፤ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ ሰው እየሰማ፣ ምንም ሳታፍር። ዘሪቱ የልጅነት ጎረቤቴ ናት። እናቷ አትክልት ተራ ነጭ ሽንኩርት ይሸጡ ነበር፤ እሷ ደግሞ ዛሬ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ትሸጣለች። እኔ የመጣሁት ፒያሳን ለማየት ነው። የሚታይ ነገር ቀርቶ እንደሆነ እንጃ። ግቢያችን የነበረበት ቦታ ሰፊ መንገድ ሆኗል፤ በራችን የቱ ጋ ነበር ብዬ ስዞር አንድ ጥበቃ «እህት፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» ብሎኝ «የለም» ብዬው አለፍኩ።

ዝናቡ ድንገት ወረደ። ሳይፈርስ በተረፈ አንድ ጥግ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ስለነበር ሁለታችንም ከጫፉ ሥር ተጠለልን። ዘሪቱ «የማን ይሆን?» ትላለች፤ እኔን ግን አፍንጫዬ ይዞኝ ሄዷል። ዝናብ የመታው ሸራ የራሱ ሽታ አለው። አቧራና ላምባ፣ እርጥብ ነጠላ፣ ድስት ውስጥ የቀዘቀዘ ስንዴ። ዓይኔን ስጨፍን ያ ክረምት ነው፤ እጄም በጎረቤታችን በእትዬ አስካለ እጅ ውስጥ ነው።

የፊት ጥርሴ የወለቀበት ክረምት ነው። ከኤርትራ ጋር የነበረው ጦርነት አለቀ የተባለውም ያን ሰሞን ነው። ሲጀመር ከበሮና ዘፈን ነበረው፤ ሲያልቅ ግን ሰው ሁሉ ድምፁን ቀነሰ። ሬዲዮው «አሸነፍን» ይላል። የሰፈር ሰው ደግሞ ግራ ቀኝ አይቶ «ምኑን? ድንጋዩን?» ይላል።

ግቢያችን ሦስት በር ነበረው። አንዱ የእኛ ነው። አንዱ የነሳባ ነበር፤ ሳባ ጓደኛዬ ናት። አባቷን «ኤርትራዊ ነህ» ብለው በአውቶቡስ ወሰዷቸው፣ ቆይተው እሷንና እናቷን አስከተሉ፣ በራቸውም ታሸገ። ሦስተኛው የጋሼ ታደሰና የእትዬ አስካለ ነው። ጋሼ ታደሰ ወደ ድልድዩ በሚወርደው መንገድ ላይ ፀጉር ቤት ነበራቸው። አንድ ልጅ ነው ያላቸው፣ ዳኒ።

ዳኒ ሲዘምት የሄደው እነሳባን ሊያመጣ መስሎኝ ነበር። ምን ይደረግ፣ ሁለቱም የሄዱት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። የምንዘልበት ገመድ ሳባ ጋ ቀርቶብኝ ስለነበር በሩ ላይ አስቁሜ «ገመዴን ይዛ እንድትመጣ ንገራት» አልኩት። ሳቀብኝና «እሺ ቲጂ፣ ባትሰጠኝም ቀምቼ አመጣልሻለሁ» አለኝ።

ስሜ ትዕግስት ነው። እትዬ አስካለ «ትዕግስት ብሎ ስም! ያወጡልሽ ሲያሾፉ ነው» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። እግሬም አፌም አያርፍም። እትዬን «አንቺ» የምላትም ራሷ «አንቱ አትበይኝ፣ ታስረጂኛለሽ» ስላለችኝ እንጂ ባለጌ ሆኜ አይደለም።

ጦርነቱ አለቀ ተብሎ ወታደሮች መመለስ ሲጀምሩ ዳኒ አልመጣም። በእሱ ፈንታ አንድ ከእሱ ጋር የነበረ ልጅ በክራንች መጣ። እትዬ ሻይ አቀረበችለት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ቆየና «ጠፍቷል» አለ። ሻዩንም ሳይጠጣ ወጣ።

ያቺ አንዲት ቃል ግቢያችንን ለሦስት ከፈለችው።

ለጋሼ ታደሰ «ጠፋ» ማለት ከጦሩ አመለጠ፣ ሱዳን ገባ፣ አንድ ቀን ከዚያ ይደውላል ማለት ነው። «ልጄ አራዳ ነው። አራዳ አይሞትም፣ ይጠፋል!» ይላሉ የሰው አገጭ ሳሙና እየቀቡ። ለእትዬ አስካለ ግን ጠፋ ማለት መብራት ጠፋ እንደሚባለው ነው። ለእኔ ደግሞ ጠፋ ማለት ጠፋ ነው፤ ይፈለጋል፣ ይገኛል። በጥምቀት ጊዜ የጠፋሁ እኔ አልነበርኩም እንዴ? በድምፅ ማጉያ ስሜ ተጠርቶ፣ እናቴ መጥታ በጥፊ አጩላኝ ወሰደችኝ።

«ለምን ጊዮርጊስ ሄደን ስሙን አናስጠራም?» አልኳት እትዬን።

ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ቀና ብላም አላየችኝ። «የኔ ልጅ፣ ድምፁ እዚያ ድረስ አይደርስም።»

«ትልቅ ማጉያ አላቸው እኮ!»

«ቢሆንም።»

ጋሼ ታደሰ ክፉ ሰው አልነበሩም። ያን ክረምት የተመለሰ ወታደር ሁሉ እሳቸው ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ይለምኑ ነበር። እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ነጭ ጨርቁን አንገቱ ላይ ያስራሉ፣ ቶንዶሱን ያነሳሉ፣ ፀጉሩን ግማሽ ድረስ ከላጩት በኋላ፣ ወንበሩን ጥሎ መሄድ በማይችልበት ሰዓት፣ «ዳንኤል ታደሰ የሚባል አታውቅም? ቀጭን ነው፣ ያፏጫል» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ስንቱ ጠፍቷል መሰለዎት» ይላቸዋል ልጁ በመስታወቱ ውስጥ እያያቸው።

«ይጥፋ! መጥፋቱማ ጥሩ ነው! ያየኸው እንደሆነ ብዬ ነው እንጂ።»

ሰፈሩ ጢማቸውን ይጠብቅ ነበር። ሐዘንተኛ ጢሙን ያሳድጋል፤ የጋሼ ታደሰ ጉንጭ ግን በየጠዋቱ እንደ ሕፃን ይለሰልሳል። በዚያ ላይ እትዬን አስጠንቅቀዋታል፤ በግድግዳው በኩል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «በቁሙ አይለቀስበትም! ሟርት ነው! እዚህ ቤት ውስጥ አንዲት ጠብታ እንባ ካየሁ እኔና አንቺ ተለያየን!» እሷም አላለቀሰችም። መርዶ አልመጣ፣ ድንኳን አልተተከለ፣ በምን አፏ ታልቅስ?

እንግዲህ የእኔ ሥራ የመጣው ከዚህ ነው።

ያን ጊዜ በየሰፈሩ ሰው ሲሞት የዕድር ጥሩምባ ነፊ ማልዶ እየዞረ የሟቹን ስም ይጠራል። ሌላው ሰው ብርድ ልብሱን ይከናነባል፤ እትዬ ግን በር ከፍታ ትወጣና አንገቷን ወደ ድምፁ ታሰግጋለች። ከዚያ ቀን ላይ ዘንቢሏን ይዛ «አትክልት ተራ ደርሼ ልምጣ» ትላለች። እናቴ ነገሩ ገብቷታል። መንገድ ላይ ራሷን እንዳትስት ፈርታ ነው መሰለኝ፣ «እባክሽ አስኩዬ፣ ይቺን ቀዥቃዣ ውሰጂልኝ፣ ቤቱን ልታፈርሰው ነው» ብላ እኔን አስያዘቻት።

ገበያ ግን አንሄድም። አንዴ ወደ ጊዮርጊስ ጀርባ፣ አንዴ ወደ ሠራተኛ ሰፈር፣ አንዴ ወደ እሪ በከንቱ፤ ጥሩምባው ወደ ጠራበት ነው። ድንኳኑ ሲታይ እትዬ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፣ ዘንቢሉን ለእኔ ትሰጠኛለች፣ ትገባለች። መጀመሪያ ሰሞን ዘመዷ ሁሉ እየሞተባት መስሎኝ አዘንኩላት። በኋላ ሥራዋ ነው አልኩ። አንዳንዷ እናት ልብስ ታጥባለች፣ አንዳንዷ ሽንኩርት ትሸጣለች፣ እትዬ አስካለ ታለቅሳለች። ለዘሪቱ እንዲህ ብዬ ነግሬያት ለረጅም ጊዜ አምናኛለች።

እውነቱን ለመናገር ለእኔ ጥሩ ክረምት ነበር። ንፍሮ እወዳለሁ። ሽምብራ የሚያበዛ ድንኳንና በስንዴ ብቻ የሚሸኝ ድንኳን ገና ከደጁ መለየት ጀምሬ ነበር። ዝናቡ ሸራውን ሲደበድብ፣ አግዳሚው ላይ በሁለት ትልልቅ ሴቶች መሃል ተጣብቄ፣ እጄን በትኩስ ንፍሮ ሞልቼ ስቀመጥ ከዚያ የሚሞቅ ቦታ ዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። እትዬ ታለቅሳለች፤ ለሽማግሌ ሲሆን «አባቴን»፣ ለሴት ሲሆን «እህቴን» እያለች። የዳኒን ስም አፏ ላይ ሰምቼው አላውቅም። ወጣት የሞተበት ድንኳን ደግሞ አትገባም። ከደጁ ትመለሳለች።

ለቅሶው ሲያበቃ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከመንገድ ላይ ትንሽ ቃሪያና ሎሚ ዘንቢሏ ውስጥ ጨምራ፣ ከገበያ እንደመጣች ሴት ቀጥ ብላ ትገባለች። ጋሼ ታደሰ «ገበያው እንዴት ዋለ?» ይሏታል። «ተወዷል» ትላለች።

አንድ ቀን ጥሩምባው ወደ ውቤ በረሃ ጠራ።

የሞቱት እማማ ቦጋለች የሚባሉ አሮጊት ነበሩ፤ በደህናው ዘመን መጠጥ ቤት የነበራቸው፣ የስንቱን ሹም ጠርሙስ የከፈቱ። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ያረጁ ሴቶች፣ የወርቅ ጥርስ ያላቸው፣ ሐዘን ላይም ሆነው ሽቶ ሽቶ የሚሉ። አንዷ እያለቀሰች ከአጠገቧ ላለችው «ነፍሷን ይማርና የኔን ቀይ ጫማ ሳትመልስ ሞተች» ስትል ሰምቼ ሳቄን በንፍሮ አፈንኩት። አልቃሿ ስለ እማማ ቦጋለች ደግነት ታወርዳለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። የለቅሶው ወግ እንዲህ ነው፤ አንዷ ግጥሙን ትጥላለች፣ ሌላው በዋይታ ያነሳዋል።

በዚህ መሃል ከውጭ፣ ከመንገዱ፣ አንድ ልጅ አፏጨ።

ሌላ ምንም አይደለም። ጓደኛውን የሚጠራ የሰፈር ልጅ ነው። እትዬ አስካለ ግን ከአግዳሚው ብድግ አለች። ነጠላዋ ወደቀ። አንዴ ወደ መግቢያው አየች፣ ከዚያ ደረቷን መታችና «ዳኒዬ!» አለች። «ዳኒዬ! የኔ ጌታ! ዳንኤሌ!»

አልቃሿ አቆመች። ሴቶቹ ተያዩ። አሮጊት ሞተው ዳንኤል ምን አገባው? አጠገቤ ያለችው ባለወርቅ ጥርሷ በክርኗ ጎሰመችኝ።

«አንቺ ሚጢጢ፣ እናትሽ ናት?»

«አይደለችም።»

«ታዲያ ለእማማ ምናቸው ናት?»

«ምናቸውም አይደለችም» አልኩ፣ አፌ ሙሉ እንደሆነ። ድንኳኑ ጸጥ ብሎ ኖሮ ድምፄ ጎላ። «አናውቃቸውም።»

«እንዴ! ታዲያ የሰው ለቅሶ ላይ ምን ትሠራላችሁ? ንፍሮ ፍለጋ ነው?»

ይሄ ነካኝ። ምክንያቱም እኔን በተመለከተ እውነት ነበር። «እሷ ንፍሮ አትበላም!» ብዬ ጮህኩ። «ቤቷ ማልቀስ ስለማይቻል ነው! ጋሼ ታደሰ ይቆጧታል! ዳኒ ጦርነት ሄዶ ጠፋ እንጂ አልሞተም ብለዋል!»

እትዬ አስካለ እዚያው እንደቆመች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ያኔ ነው ጥፋት እንዳለ የገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ያባርሩናል ብዬ ዘንቢሉን አቀፍኩ።

የእማማ ቦጋለች ልጅ ፊት ለፊት ነበረች፤ ጽጌ ነው ስሟ፣ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ የተቀመጠች። ሁላችንም እሷን አየን። ለቅሶው የሷ ነው።

«ጦርነት ነው ያለችው ልጅቷ?» አለች።

ባለወርቅ ጥርሷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታስተናግድ ነው የኖረችው» አለች ጽጌ። «በልታ፣ ጠጥታ፣ ስቃ፣ የልጅ ልጅ አይታ ሞተች። ዛሬም እንግዳ መጥቶባት አትመልስም። ቁጭ በይ እህቴ። ቁጭ አድርጓት! ልጁ እዚህ ይለቀስለታል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ነይ እስቲ አንቺ አፈኛ። እንዴት ያለ ልጅ ነበር?»

«ነው» አልኩ። ቤታችን ውስጥ ስለ ዳኒ «ነበር» አይባልም።

«እሺ። እንዴት ያለ ልጅ ነው?»

አልቃሿም ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠችኝ። ነገርኳት። ሲመጣ ከራስ መኮንን ድልድይ ጀምሮ እንደሚያፏጭ፣ እናቱ ፉጨቱን ስትሰማ ሻይ እንደምትጥድ፣ ውሃው ሲፈላ እሱ በር ላይ እንደሚደርስ። መብራት ሲጠፋ ሻማ ፊቱ ሥር አድርጎ እኔንና ሳባን እንደሚያስፈራራን። ጫማውን ሳይፈታ እንደሚያወልቅ። ገመዴን ሊያመጣልኝ እንደሄደ። አልቃሿ ሰማችኝ፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከዚያ አወረደችው፤

«መብራት ጠፋ ሲሉኝ ሻማ ገዛሁና፣
ልጅ ጠፋ ሲሉኝ ግን ምን ላብራ እንደገና።»

ድንኳኑ ፈነዳ። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊት አልሰማሁም። እነዚያ ባለሽቶ ሴቶች፣ እነዚያ ጥግ ላይ ካርታ ይጫወቱ የነበሩ ወንዶች፣ ሁሉም። አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው «ልጄን» አሉ፤ የየትኛው ጦርነት እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም። እትዬ አስካለ ከሁሉም በላይ ቆማ፣ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ «ያፏጭ ነበር!» አለች። «ሻይ እጥድለት ነበር! ልጅ ነበረኝ! ነበረኝ!»

እኔም ያን ጊዜ አለቀስኩ። ንፍሮው ከእጄ ፈሰሰ፣ አልለቀምኩትም።

ስንወጣ ዝናቡ አባርቷል። ጽጌ እስከ መንገዱ ሸኘችንና የእትዬን ነጠላ በራሷ እጅ አስተካከለችላት። የእትዬ ድምፅ አልቆ ነበር። ቃሪያም ሎሚም አልገዛንም። ባዶ ዘንቢል ይዘን፣ እሷ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች፣ ፀጉር ቤቱ ጋ ስንደርስ ተዘግቷል። በዚያ ሰዓት ተዘግቶ አያውቅም።

ፒያሳ ወሬ ከሰው ቀድሞ ነው የሚደርሰው። አንዱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነግሯቸዋል ማለት ነው። ጋሼ ታደሰ በራቸው ላይ ቆመዋል፣ ነጭ ጨርቁ ትከሻቸው ላይ እንዳለ፤ የሰው ፀጉር ሸሚዛቸው ላይ ተበትኗል። ጎረቤቱ በየመጋረጃው ኋላ ነው። እናቴ ብቻ ወጥታ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆመች። እትዬ እጄን ለቀቀችኝ።

«የት ነበርሽ?» አሉ።

«ለቅሶ።» እንደ ወንድ ነው የወጣው ድምፅዋ።

«የማን?»

«የልጄ።»

ይመቷታል አልኩ። ይለያያሉ አልኩ። ጋሼ ታደሰ ግን ለመስማት እንደፈለገ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ሰው ነበር?»

«ድንኳን ሙሉ።»

«ስሙን ጠሩት?»

«ጠሩት ታዴ። ሁሉም ጠሩት።»

«ማን ነገራቸው?»

እትዬ ወደ እኔ አየች። እሳቸውም አዩኝ። ያን ዓይን የማውቀው ለወታደሮቹ በመስታወት ውስጥ ሲያሳዩ ነው።

«ምን ብለሽ ነገርሻቸው?» አሉኝ።

«ያፏጫል ብዬ። ሻማም ፊቱ ሥር ያደርጋል ብዬ። ጫማውን ሳይፈታ ያወልቃል ብዬ።»

«ፀጉሩንስ?»

«ፀጉሩን አላልኩም።»

«እሱን አላልሽም» አሉ። ትከሻቸው ላይ ያለውን ጨርቅ አወረዱና በእጃቸው ላይ ጠመዘዙት። «በቀኝ በኩል ፀጉሩ እምቢ ይል ነበር። ብትቆርጪው፣ ብታረጥቢው፣ ብታበጥሪው፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እምቢ ይል ነበር።»

ገቡ። የጎደለ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ውስጥ ሲያንኳኩ ሰማን። ሲወጡ ጆግ ይዘዋል። ከለቅሶ የመጣ ሰው ሳይታጠብ ቤት አይገባም፤ እትዬ ግን ከገበያ የመጣች ለመምሰል ያን ክረምት ሁሉ ሳትታጠብ ነበር የምትገባው። ጋሼ ታደሰ ደጃፉ ላይ ለእጇ አፈሰሱላት። ታጠበች። ለፊቷም አፈሰሱላት። ውሃው በአገጯ በኩል ጥቁር ድንጋዩ ላይ ወረደ።

ከዚያ ጆጉን ለእኔ ሰጡኝ። የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰበሰቡ፣ ጎንበስ አሉ፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ።

አፈሰስኩላቸው።

«ጨምሪ» አሉኝ።

ጨመርኩ። በጣቶቻቸው መሃል የተጣበቀው የሰው ፀጉር እየታጠበ ወረደ። እጃቸውን ግን አልሰበሰቡም።

«ጨምሪ።»

ጆጉ ባዶ ሆነ። ወደ ቧንቧው ሄድኩ።